ክፍል የሚያዳምጠው ደላላ

ባለፈው ሳምንት የተለያየነው ተማሪዋ ስድስተኛውን ወረቀት አንብባ ስታጥፍ ነበር። ያን ያላነበበ ሰው አይጨነቅ፤ ነገሩን ከሥሩ ባጭሩ አጫውተዋለሁ።

ልጅቷ ተማሪዋ ትባላለች እንጂ ዘንድሮ አትማርም። ለሕክምና ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ተፈትና በከፍተኛ ውጤት አለፈች፤ ስሟ በተለጠፈ በስድስተኛው ቀን እናቷ ሞተች። ትምህርት ቤቱ ቦታዋን ለአንድ ዓመት ያዘላት። አባቷ በሌላ ከተማ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም ነው፤ እሷን ፋርማሲስት ወደሆነችው እህቱ ቤት ላካት። ተማሪዋ ጠዋት ጠዋት አንድ የመጻሕፍት መጠረዣ ውስጥ ወረቀት ታጥፋለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሚከራይ ክፍል ትፈልጋለች።

የአክስቷ ቤት ምን ይወጣለታል? ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውኃ አለው። ችግሩ አክስቲቱ የልጅቷን ሐዘን እንደ ትኩሳት መለካቷ ነው። በጠዋት "ተኛሽ?"፣ በምሳ "በላሽ?"፣ ሲመሻሽ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የኔ ቆንጆ፣ አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ" ትላለች። ልጅቷ አታለቅስም። ስምንት ወር ሙሉ አንዲት ጠብታ የለም። ለቀብር የመጣው ሰው "እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ" ብሎ አድንቋታል። የምን ጥንካሬ፣ ውስጧ ምንም አልነበረም። ሻይ ስትጠጣ ሙቀቱን ታውቃለች እንጂ ጣዕሙን አታውቅም። ሰው ሲቀልድ መሳቅ ያለባት የቱ ላይ እንደሆነ ታውቃለችና እዚያ ላይ ትስቃለች። የምትፈልገው ማልቀሷን ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው የሌለበት አንድ ክፍል ነበር።

አባቷ በስልክ ፈቀደላት፤ ሲፈቅድ ግን ቀን ቆርጦ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ድረስ አክስቷ በዓይኗ አይታ "ይሆናል" ያለችው ክፍል ከተገኘ ዓመቱን እዚያ ትጨርስ። ካልተገኘ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለስና በሁለተኛው መንፈቅ ትምህርቷን ትጀምር። ወደ ቤቷ ማለት ከእናቷ መኝታ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ወደሚዋሰነው ክፍሏ ማለት ነው። የምትሸሸው እሱን ክፍል ነበር።

አሁን ወደ ደላላው ልምጣ። ሰፈሩ "ጆሮ" ይለዋል፤ ስሙን የሚያውቅ ካለ እናቱ ናቸው። ሌላው ደላላ የሚኖረው በምላሱ ነው። ይኼ ግን ከቁልፍ ቀራጩ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲያወሩት ይሰማል እንጂ አያወራም። የሚያከራየውን ክፍል ሁሉ አስቀድሞ ቁልፉን ይቀበልና፣ ከሰዓት በኋላ ለብቻው ገብቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ወለሉ ላይ ቁጭ ይላል። ያዳምጣል። የሰማውን በአንድ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፎ ለተከራዩ ይሰጣል። "ቀለሙንና መስኮቱንማ ማንም ያየዋል፤ ሰውን ከቤት የሚያስወጣው የሚሰማው ነገር ነው" ባይ ነው። ሌሎቹ ደላሎች ይስቁበታል። እሱ ያስገባው ተከራይ ግን ቶሎ አይለቅም።

ለተማሪዋ በአምስት ሳምንት ስድስት ክፍል አሳያት፣ ስድስት ወረቀት ሰጣት። የመጀመሪያው ደረቅ ነበር። "ከላይ ወንበር የሚጎትት ሰው አለ፤ አስር ሰዓት ላይ ያቆማል። ቧንቧው ያፏጫል። እህቴ፣ ይህ ላንቺ አይሆንም።" አራተኛው ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ከፊትም ከኋላም ሞላ። "ጎረቤቷ ልጇን የምትቆጣው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ደግ ሴት ትመስለኛለች። አስር ተኩል ላይ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋሽ ሊቀመጥ የሚችልበት ቦታ ላይ ታርፋለች። እዚያ ቁጭ ብዬ፣ ጠዋት ሙሉ ወረቀት ስታጥፊ ጣቶችሽ ምን ያህል ይደክማቸው ይሆን እያልኩ ሳስብ ነበር። ጣሪያው ግን ያፈሳል።" "እህቴ" የምትለው ቃል ከወረቀቱ ጠፍታለች። ተማሪዋ ይህን ልብ ብላለች። ልብ ማለት አልተሳናትም፤ የተሳናት ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ስሜት ነው። ያም ሆኖ ወረቀቶቹን ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ሦስተኛውን ክፍል አይተው ደረጃ ሲወርዱ፣ ጆሮ "የማትወጂው ድምፅ ምንድነው?" ብሎ ጠየቃት። ለሥራው ብሎ ነው። እሷም የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው መለሰችለት።

"ሳል። እናቴ ሦስት ወር ስታስል እኔ ከግድግዳው ወዲህ ነበርኩ። ለፈተናው ላጥና ብዬ ጆሮዬን በጥጥ ደፈንኩ። ፈተናውን አለፍኩ።"

ጆሮ ሁለት ደረጃ ቀድሟት ወረደና ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ በኋላ ነገሩን ሁለቱም አላነሱትም፤ እሷማ መናገሯንም ረስታዋለች።

እንግዲህ ሐሙስ ነው፤ ለቅዳሜ ሁለት ቀን ቀርቶታል። መጠረዣው ውስጥ ከተማሪዋ ፊት ለፊት የምትቀመጠው መጽሐፍ ሰፊዋ፣ ወሬ የማትጠላ፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች፣ "አንቺ ልጅ፣ አሁንም ክፍል አላገኘሽም እንዴ?" አለቻት። "እኔማ ከገባሁ ሁለት ሳምንቴ። ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ዛፍ ላይ፣ አከራይዋ ዝም ያሉ እናት። ጆሮ ነው ያስገባኝ።"

ሁለተኛ ፎቅ፣ ዛፍ፣ ዝም ያሉ አከራይ። ተማሪዋ ለጆሮ በመጀመሪያው ቀን የነገረችው ቃል በቃል ይኸው ነበር።

ምሳ ላይ ለአክስቷ ነገረቻት፤ እዚህ ላይ ተሳሳተች። አክስቲቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ደላላ እኮ ነው የኔ እናት" አለች፣ በክፋት ሳይሆን በሐዘኔታ። "የቀዶ ሐኪም ልጅ፣ ነገ ሐኪም የምትሆን፣ እጁ ላይ ስትወድቅለት ምን ያድርግ? ሲያመላልስሽ ከረመ። አንቺ ደግሞ አሁን የሰው ፊት የማታነቢበት ጊዜ ላይ ነሽ።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁልፍ ቀራጩ ደጃፍ ደረሰች። ጆሮ ሲያያት ከበርጩማው ሊነሳ ሲል በእጇ መለሰችው።

"ሁለተኛ ፎቅ ያለው፣ መስኮቱ ዛፍ ላይ የሆነው ክፍል በእጅህ ነበር?"

"ነበር።"

"ለምን አላሳየኸኝም?"

"ላንቺ አይሆንም ነበር።"

"ምኑ ነው የማይሆነው?"

"አይሆንም ነበር" አለ እንደገና፣ ወደ መሬት እያየ።

ቁልፍ ቀራጩ በደንብ ልስማ ብሎ ማሽኑን አጠፋ።

"ቅዳሜ መጨረሻዬ እንደሆነ ታውቃለህ" አለች ተማሪዋ። "ካልተገኘ እንደምሄድም ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው አክስቴ እውነቷን ነው። ከእንግዲህ ምንም አትፈልግልኝ።"

አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። ጆሮ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እሷ ዞራ ሄደች። መንገድ ላይ ንዴት ፈለገች፤ ሰው ቁልፍ ሲጠፋበት ኪሱን ሁሉ እንደሚፈትሽ ራሷን ፈተሸች፣ የለም። ቤት ገብታ ወረቀቶቹን ከትራሷ ሥር አውጥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። ልትቀድ አስባ ነበር። መቅደድም ስሜት ይፈልጋልና ተወችው። ትራሱ ላይ ጋደም ስትል አንድ ነገር እንደጎደለ ታወቃት፤ መጉደሉ ግን አላሳዘናትም።

አርብ ዕለት ሻንጣዋን ግማሽ ድረስ ሞላች። ከሰዓት በኋላ የሳምንት ደሞዟን ልትቀበል ወደ መጠረዣው ስትመለስ መጽሐፍ ሰፊዋ ክንዷን ይዛ፣ "ነገ ልትሄጂ ነው አሉ፤ ቢያንስ ቤቴን ሳታዪማ አትሄጂም" አለቻትና እየጎተተች ወሰደቻት። ክፍሉ እንደተባለው ነው። ነጭ ግድግዳ፣ የታጠበ ወለል፣ መስኮቱን የሞላ ቅጠል። ሰፊዋ "ዳቦ ልግዛ፣ መጣሁ" ብላ ወረደች። ተማሪዋ አልጋው ጫፍ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። አስር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከግራው ግድግዳ ጀርባ አንድ ሰው አሳለ።

ሦስት አጫጭር ሳል። ዝም አለ። ከዚያ ረጅሙ መጣ፤ መሐሉ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እስኪያልቅ ድረስ ሰሚውም አብሮ ትንፋሹን የሚይዝለት።

የልጅቷ እጆች በራሳቸው ተነሱ። ጆሮዋ ድረስ ሊደርሱ ሲሉ አየቻቸው። የራሷ እጆች ናቸው፣ በነዚያው ሦስት ወሮች የለመዱትን ሊያደርጉ ነው። ቀስ ብላ አወረደቻቸውና ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሳሉ እንደገና መጣ። ሰማችው። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያም ተነስታ ግድግዳው አጠገብ ሄደች፣ ግንባሯን አስደገፈችና "እማዬ፣ እሰማሻለሁ" አለች። "አሁን እሰማሻለሁ እኮ።"

ለቅሶው ሲመጣ ያምራል ብዬ አልዋሽም። አፍንጫዋ ፈሰሰ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ልጆች እንደሚያለቅሱት አፏን ከፍታ አለቀሰች። ስምንት ወር የተጠራቀመ ነገር በአንድ ጊዜ ወረደ።

መጽሐፍ ሰፊዋ ዳቦዋን ይዛ ስትገባ እንዲህ ሆና አገኘቻት። ብዙ ወሬ ያላት ሴት ወሬዋን ተወችና አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ግድግዳውን አሳይታ፣ "የአከራይዋ እህት ናቸው" አለች። "ሳንባቸውን ያማቸዋል። ጆሮ ቀድሞ ነግሮኛል፤ እኔ ምንም አይመስለኝም፣ ሻይ አፍልቼ እወስድላቸዋለሁ። ቆይ፣ ወረቀቱን ላሳይሽ።"

ወረቀቱን ከቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ነቅላ ሰጠቻት። ከአናቱ ላይ "ለተማሪዋ" ይላል፤ ተሰርዟል። ግን በእርሳስ የተሰረዘ ይነበባል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፤ "ዛፉ ላይ ወፎች አሉ። አከራይዋ ሲሄዱ እንኳ አይሰሙም። አገኘሁላት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ከግራው ግድግዳ ጀርባ ግን የሚያስሉ እናት አሉ። አስር ሰዓት ላይ ይበረታባቸዋል። አታሳያት። ለምን ብትልህም አትንገራት፤ መንገርም ሳሉን ማሰማት ነው።" ይህም ሁሉ ተሰርዟል፤ ለሰፊዋ የተጻፈው ከጀርባው ነው።

"ለየትኛዋ ተማሪ ይሆን እያልኩ ስገረም ነበር" አለች ሰፊዋ፣ የተማሪዋን ያበጡ ዓይኖች እያየች። ተማሪዋ ወረቀቱን መልሳላት ተነሳች፤ በአንድ ቀን ሁለት ስሜት ከብዷት ነበር።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቁልፍ ቀራጩ ደጃፍ ስትደርስ ጆሮ በርጩማውን ሊያስገባ አንስቶታል። ፊቷን አየና መልሶ አስቀመጠው።

"ገባሽ እዚያ ክፍል" አለ።

"ገባሁ። ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሌባ አድርጌ አስቤህ ዋልኩ፣ አደርኩ።"

"ብነግርሽ ሳሉን በኔ አፍ መስማትሽ ነው። ሌባ ብትዪኝ ይሻለኛል ብዬ ነው።"

"ይቅርታ አድርግልኝ።"

"አይ፣ ቆይ" አለ ጆሮ። ፊቱ ቀላ፣ አንገቱን አከከ። "እሱን ከማለትሽ በፊት የምነግርሽ አለ። አምስተኛው ክፍል ውሻ የለውም።"

"ምን የለውም?"

"ውሻ። ወረቀቱ ላይ 'ከጀርባ ግቢ ውሻ ሲጮኽ ይውላል' ብዬ ጽፌልሻለሁ። ውሻ የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ፣ ከታች የልብስ ስፌት ማሽን ከመስማቴ በቀር ምንም። የምትፈልጊው ክፍል እሱ ነበር። ከገባሽ ግን ቁልፉን ትቀበዪኝና 'አመሰግናለሁ ወንድሜ' ትዪኛለሽ፤ በዚያው አለቀ። ስምንት ዓመት ስሠራ ያልሰማሁትን ስጽፍ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ አክስትሽ ያሉት ግማሹ ልክ ነው።"

"ነግሬህ ነበር" አለ ቁልፍ ቀራጩ ከውስጥ።

ተማሪዋ ትናንት ስትፈልገው የነበረው ንዴት አሁን መጣላት፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። "ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ በሌለ ውሻ?" አለች። ይህን ስትል ግን ሳቋ አመለጣት፣ ከንዴቱ ጋር ተቀላቀለ፣ የትኛውን እንደምታስቀድም አላወቀችም። "ክፍሉ አሁንም ባዶ ነው?"

"ባዶ ነው። ሌላ ሰው ማስገባት አልቻልኩም።"

"ነገ ስድስት ሰዓት ላይ አክስቴን ይዤ እመጣለሁ።"

ወደ ቤት ስትሄድ መላ ሰውነቷን ወጋት፤ ደንዝዞ የቆየ እግር ደም ሲገባበት እንደሚወጋው። ያማል። እንዲቆም ግን አልፈለገችም።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት። አክስቲቱ የአምስተኛውን ክፍል ቧንቧ ከፈተች፣ ዘጋች፣ የበሩን ቁልፍ ሦስት ጊዜ አዞረች፣ መስኮቱን በጣቷ ፈትሻ ጣቷን አየች። ከቦርሳዋ የክፍሉን ወረቀት አወጣች፤ ተማሪዋ ራሷ ናት የሰጠቻት።

"እዚህ ላይ ውሻ ይላል።"

"ውሻ የለም፣ እትዬ" አለ ጆሮ ከበሩ ላይ።

"ታዲያ ለምን ተጻፈ?"

"እንዳትገባ ፈልጌ ነው።"

"ለምን ሲባል?"

"እንዳትለየኝ ብዬ።"

ከታች የስፌት ማሽኑ ሲሄድ ይሰማል። አክስቲቱ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። ከዚያ እንደገና ክፍሉን ዞራ አየችና ተነፈሰች። "ይሆናል" አለች። "ክፍሉ ይሆናል። አንድ ነገር ግን አለ። አንተ ልጅ፣ ሐቀኛ ትመስላለህ፣ አልዋሽም። ግን ቁልፉን ካስረከብክ በኋላ እዚህ ደረጃ ላይ እንዳላይህ።"

"እሺ" አለ ጆሮ ወዲያው። "ክፍሉ ለሷ ጥሩ ነው። እሱ ከተገኘላት፣ እሺ።"

ይህች "እሺ" ተማሪዋን ወጋቻት። "እኔ እሺ አላልኩም" አለች።

"የኔ ልጅ" አለች አክስቷ። "ሐዘን ላይ ያለ ሰው ያገኘውን እጅ ይይዛል። በሚመጣው ዓመት አንቺ የሕክምና ተማሪ ነሽ፣ እሱ በርጩማው ላይ ነው። ያን ጊዜ የምትጎጂው አንቺ ብቻ ይመስልሻል?"

"አላውቅም፣ አክስቴ። ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ። ግን ስምንት ወር ሙሉ ምንም አልተሰማኝም፤ እናቴን ስቀብር እንኳ። ትናንት ተሰማኝ። በጣም አመመኝ። ይህ ሰው ደግሞ እንዳያመኝ ብሎ ሌባ ተባለ። እሱን ውጭ አቁሜ የምዘጋው በር ከሆነ ክፍሉ ይቅርብኝ፤ ሻንጣዬን ይዤ ወደዚያ ቤት እመለሳለሁ። ዳግመኛ ጆሮዬን አልደፍንም።"

አክስቲቱ ይህን የጥጥ ነገር አታውቅም። ግን የልጅቷን ድምፅ ሰማች፤ እንባ የተናነቀው ድምፅ ነበር፣ ስምንት ወር ሙሉ ስትጠብቀው የነበረ። ስልኳን አውጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

"ወንድሜ... አዎ፣ አይቼዋለሁ፣ ይሆናል... አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው... አለቀሰች። ትናንት። አሁንም እያለቀሰች ነው... አዎ፣ በዓይኔ እያየኋት... አንድ ልጅ አለ... ደላላ ነው... ደላላ ነው የምልህ..." ከዚያ ስልኩን ወደ ጆሮዋ ይበልጥ አስጠጋች። "ወንድሜ? አለህ? ... እሺ። አይዞህ። እሺ።"

ስልኩን ስትዘጋ የራሷም ዓይን ረጥቦ ነበር። "አባትሽም አለቀሰ" አለች። "ክፍሉን ያዢ። ልጁን ግን በሚቀጥለው እሁድ ራሱ መጥቶ ያየዋል፤ እስከዚያ እሺም እንቢም አላለም።" ወደ ጆሮ ዞረች። "ወንድሜ ቀልድ አይወድም። ያልሰማኸውን እንዳትነግረው።" ይህን ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ደረጃውን ወረደች።

ጆሮ ከበሩ ውጭ እንደቆመ ቁልፉን ዘረጋላት። ተቀበለችው።

"ግባ" አለችው።

"አባትሽ እሁድ መጥተው አይሆንም ቢሉስ?"

ተማሪዋ ቁልፉን አየችው። ባለፈው ወር አንድ ሰው "ይህን ነገር ከእጅሽ እንወስደዋለን" ቢላት "ውሰዱት" ብላ ወረቀት ማጠፏን ትቀጥል ነበር። አሁን ግን ልቧ ሲመታ በጆሮዋ ሰማችው። እሁድ ስምንት ቀን ብቻ ነው የቀረው።

"እፈራለሁ" አለችው። "እውነቴን ነው፣ በጣም እፈራለሁ።"

"እኔም" አለና ገባ።